«የየትኛው ጨረር?» ብላችሁ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ አሞራ ገደል የዓሣ ሾርባዬን ስጠጣ አንድ የፊዚክስ ተማሪ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ የመመረቂያ ጽሑፌን በናኖ፣ በዓይን በማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ ልሠራ ነው» አለኝ። የወርቅ ቅንጣት የካንሰር ዕጢ ውስጥ ይገባል፣ ጨረሩ ይበረታል፣ አይጦቹም ድነዋል። ዓይኑ ይበራል።

አልዋሸም። የወርቅ አቶም 79 ፕሮቶን አለው። እንዲህ ያለ ከባድ አቶም ከሥጋችን ይልቅ ራጅን አብዝቶ ይውጣል፤ ሲውጥም ኤሌክትሮን ይረጫል። ኤሌክትሮኖቹ ሩቅ ስለማይሄዱ ጉዳቱ እዚያው ዕጢው ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት ወርቅና ጨረር ካገኙት አይጦች 86 በመቶው ዓመት ኖረዋል። ጨረር ብቻ ካገኙት 20 በመቶው።

«በየትኛው ጨረር?» አልኩት። ዝም።

በ250 ኪሎቮልት ነበር። ዛሬ ጥልቅ ዕጢ የሚታከምባቸው ማሽኖች ግን በሜጋቮልት፣ ማለትም በሺህ ኪሎቮልት፣ ነው የሚሠሩት፤ ብዙ ጊዜ በ6 ሜጋቮልት። እዚያ ላይ የወርቁ ብልጫ ክፉኛ ይወርዳል። በቃ፣ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ሃፍኒየም ኦክሳይድ የሚባል፣ እሱም ከባድ አቶም ያለው ቅንጣት፣ በመርፌ ዕጢው ውስጥ እየተሰጠ በሰው ላይ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው ውጤት፣ ሳርኮማ የተባለው የካንሰር ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች መካከል ከቀዶ ሕክምና በፊት ዕጢያቸው ከሞላ ጎደል የሞተላቸው 16 በመቶ ነበሩ፤ ጨረር ብቻ ካገኙት ደግሞ 8። እጥፍ ነው ብላችሁ ከመጨብጨባችሁ በፊት ግን የቀሩትን 84 አስቧቸው።

ጥያቄውን እኔ አላመነጨሁትም። ወጣት ሳለሁ ለአንዲት ታማሚ እናት ጨረሩ የሚሰጥበትን ደቂቃ አስልቼ ወረቀቱን ለቴክኒሻኗ ሰጠኋት። በጣቷ መስመር በመስመር እየተከተለች አነበበችና፣ «አንተ ልጅ፣ ይሄ የየትኛው ጨረር ሰንጠረዥ ነው?» አለችኝ። የሌላ ማሽን ነበር! እናትየዋ ነጠላቸውን አጣፍተው ደጅ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። እንደገና ስቀምር እርሳሱ ከእጄ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ቴክኒሻኗ ለማንም አልተናገረችም። ይህን ለአለቃዬ የነገርኩት ራሴ ነኝ፣ ያውም ከሳምንት በኋላ። ያን ሳምንት አልወደውም።

ልጁ ሰኞ ቤቴ ይመጣል። ራጅ በየጉልበቱ ምን ያህል እንደሚዋጥ የሚያሳየውን ሰንጠረዥ ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። የወርቁንም፣ በሥጋችን ምትክ የምናሰላበትን የውሃውንም።