«ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ» ለማለት ስንት እንግሊዝኛ ያስፈልጋል?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ተማክረው የመጡ ይመስላሉ። አስጎብኚውም፣ ተማሪውም፣ ባለሱቁም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ደስ ብሎን የተቀበልነውን ወይም ያጣጣምነውን ነገር በእንግሊዝኛ ምን እንበለው? «ኢንጆይ» ሰልችቷቸዋል። እውነታቸውን ነው፤ ጥምቀት ሲደርስ እዚህ ጎንደር ከፒያሳ እስከ ቀሃ ሌላ ቃል የሚሰማም አይመስል።

«ፋሲል ግቢ አስጎብኚ ነኝ። ግንቡንም ኢንጆይ፣ ቡናውንም ኢንጆይ፣ ተራራውንም ኢንጆይ እላለሁ። ሌላ ቃል የለም ወይ?»

ሞልቷል፣ ወንድሜ። ግን መጀመሪያ እንግዳህ ነገሩን በምን እንደሚቀበለው እይ። በምላሱ ነው? በዓይኑ ነው? ወይስ እየዘለለና እየጮኸ?

ቡና ላይ «ሴይቨር» በል። ፉት እያሉ፣ ሳይቸኩሉ ማጣጣም ማለት ነው። ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ብሎ የሚጠጣ እንግዳ የሚያደርገው እሱን ነው። ቡናው ሳይሰክን አስቀድቶ፣ ጭልጥ አድርጎ ወደ መኪናው የሚሮጠውን ግን በዚህ ቃል አትሸልመው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች አንጋጠው ሲያዩ ደግሞ «ድሪንክ ኢን» ይስማማል። እኛ ቆንጆ ነገር ስናይ በዓይናችን እንበላለን፤ እነሱ ይጠጣሉ። ለግንቡም፣ ለሰሜን ተራሮች ገደልም ይሆናል። እዚያው ሰሜን ላይ ጭላዳዎቹ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቁ ካየህ ቃሉ «ባስክ ኢን» ነው። ይኸው ቃል ሙገሳ ለሚሞቅ ሰውም ይሠራል።

ጥምቀት ላይ ውሃው ተባርኮ ወጣቱ ፋሲለደስ መዋኛ ውስጥ ሲዘልስ? «ሬቨል ኢን»። ቃሉ «አመፀ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከ«ሬበል» ጋር አንድ የላቲን ሥር አለው፤ ጩኸትና ግርግር አብሮት ይመጣል። ስለዚህ ለጎረምሶቹ እንጂ ሌሊቱን ማኅሌት ለቆሙት ካህናት እንዳትጠቀምበት። ነውር ነው።

«ሬሊሽ» የምትለዋም ጥሩ ናት፤ ከምግብ አልፋ ለሥራና ለፈተና ትሆናለች። በተለይ በአሉታ ስትመጣ እወዳታለሁ። አንድ ፈረንጅ በሐምሌ ዝናብ ራስ ደጀን እንውጣ ቢልህ «አይ ዶንት ሬሊሽ ዚ አይዲያ» በለው። «አላማረኝም» ማለትህ ነው፤ ግን በጨዋ ደንብ።

«ኢንጆይ»ንም ጨርሰህ አትጣላት። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቅላት። አንደኛ፣ የተደሰትህበትን ነገር ትፈልጋለች፤ «አይ ኢንጆይድ ቬሪ ማች» ብለህ ብታቆም ፈረንጁ «ምኑን?» ብሎ ይጠብቅሃል። ሁለተኛ፣ ከኋላዋ ግስ ሲመጣ «ቱ» አትወድም። «መጨፈር ያስደስተኛል» ስንል «መጨፈር»ን «ቱ ዳንስ» እያልን እንገለብጠዋለን። ትክክሉ «አይ ኢንጆይ ዳንሲንግ» ነው።

«ከማራኪ ነው የምጽፈው። የውጭ ትምህርት ዕድል አግኝቻለሁ። ጓደኛዬ በመልስ ደብዳቤህ ላይ ‹አይ ጃምፕ አት ዩር ኦፈር› ብለህ ጻፍ አለኝ። ልጻፍ?»

እንኳን ደስ ያለህ። አትጻፍ።

«ጃምፕ አት» ማለት ዕድሉን አፈፍ ማድረግ ነው። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ግን ለጓደኛህ ወሬውን ስትነግረው ነው የሚያምረው፦ «አይ ጃምፕት አት ዘ ቻንስ»። ለሰጪው ራሱ ከጻፍከው እጁ ላይ የዘለልክበት ይመስላል። በደብዳቤ «አይ አም ዲላይትድ ቱ አክሰፕት» በቂ ነው። ልብ በል፣ «አይ አም» ነው ያልኩት። ብዙ ሰው ትሕትና መስሎት «አይ ዉድ ቢ ዲላይትድ» ይጽፋል። ያ ደግሞ «ብቀበል ደስ ይለኝ ነበር» ዓይነት ነገር ነው፤ አንባቢው ተቀበልህ ወይስ ገና ነህ ብሎ ይቀራል።

እግረ መንገድህን ሦስት ወጥመድ ዝለል። በእኛ አፍ «አክሰፕት» እና «ኤክሰፕት» አንድ ይሆናሉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ግን በ«A» የሚጀምረው መቀበል፣ በ«E» የሚጀምረው ከቁጥር ማስወጣት ነው። ኮምፒውተሩ ሁለቱም ትክክለኛ ቃል ስለሆኑ ብዙ ጊዜ በቀይ አያሰምርልህም። ቀጥሎ፣ «አክሰፕት» ስም ይፈልጋል፦ ጥሪውን፣ ዕድሉን፣ ስጦታውን። «ለመምጣት ተስማማሁ» ለማለት ግን «አክሰፕት ቱ ካም» አይባልም፤ «አግሪ ቱ ካም» ነው። በአማርኛም እኮ ጥሪ እንቀበላለን፣ ለመሄድ እንስማማለን። የገዛ ቋንቋህን ብትከተል አትሳሳትም ነበር። ሦስተኛው መዝጊያው ላይ ነው፦ «መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ» ለማለት «ሉኪንግ ፎርዋርድ ቱ ሂር» ሳይሆን «ቱ ሂሪንግ»።

እና «አንግሸስ ቱ ስታርት» ብለህ ጉጉትህን አትግለጽ። አንዳንዱ አንባቢ ጭንቀት ይታየዋል። «ኢገር» ይበቃሃል።

«የስምንተኛ ክፍል ልጄ ‹ዘ ጌስትስ ኢምብሬስድ ዘ ዶሮ ወጥ› ብላ ጽፋ መምህሯ ኤክስ አደረጉባት። መዝገበ ቃላቱ ግን ‹በደስታ ተቀበለ› ይላል። ማን ነው የተሳሳተው?»

እትዬ፣ መምህሯ ልክ ናቸው። ልጅዎም ብዙ አልራቀችም፤ ቃሉ «በደስታ ተቀበለ» ማለቱ እውነት ነው። ግን በውስጡ ክንድ አለበት፤ ሥሩ ማቀፍ ነው። እንግዶቹ ዶሮ ወጡን አቅፈው ተቀምጠዋል ብለው ያስቡት እስቲ። ለወጥ «ኤት ኢት አፕ» ብትል ጥርግ አድርገው በሉት ማለት ይሆንላት ነበር። «ዲቫወር»ም አለ፤ እሱ ግን ስግብግብነት ስላለበት ለእንግዳ አይሆንም፤ ለመጽሐፍ ቢሆን ያምራል።

«ኢምብሬስ» የሚሄደው ከሐሳብ፣ ከለውጥና ከሃይማኖት ጋር ነው። የጎንደር ልጅ ስለሆነች ከሰፈሯ ምሳሌ ልስጣት። የእንግሊዝኛ የታሪክ መጻሕፍት ዐፄ ሱስንዮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1622 ካቶሊክነትን መቀበላቸውን ሲጽፉ የሚመርጡት ቃል ብዙ ጊዜ ይህ ነው። ንጉሡ ወድደው ስለገቡበት ያስኬዳል። ሕዝቡን ግን «ኢምብሬስድ» ብትል ታሪኩ ይበላሻል። ሕዝቡማ አልቀበልም ብሎ ደም ፈሰሰ፤ በ1632 ንጉሡ ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ እሳቸውም የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱ። ይህ ቃል ያለ ፈቃድ አይሠራም። ተገዶ የተቀበለ ሰው ላይ ከለጠፉት ግድያውንም ጭቆናውንም በአንድ ግስ ሸፍነውታል ማለት ነው። ይህን ለልጅዎ ያስረዷት፤ ኤክሱን የሚያስረሳ ነገር ነው።

«አዝማሪ ቤት አለኝ። አንድ ቱሪስት ስለ ቤቴ ሲጽፍ ‹ዘ ክራውድ ላፕድ ኢት አፕ› ብሏል። ሰደበን ወይስ አመሰገነን?»

አመስግኖዎታል፣ ይደሰቱ። ቃሉ ድመት ወተት ስትልስ ከሚታየው የመጣ ነው። ደግነቱ «ላፕ» እና «ላሰ» በአጋጣሚ ስለሚመሳሰሉ አይረሳም። ታዳሚው የአዝማሪውን ግጥም እየተቀበለ ሲስቅ፣ ግንባሩ ላይ ብር ሲለጥፍ ነው ያየው። የሚያሳስበው ሌላ ቦታ ሲመጣ ነው፦ አስጎብኚው የነገራቸውን ሁሉ «ላፕድ አፕ» ከተባለ፣ ሳያጣሩ ዋጡት የምትል ሽሙጥ አለችበት። ሙገሳ ለሚወድ አለቃም እንዲሁ።

«አራዳ ላይ ጫማ እሸጣለሁ። ቅናሽ ሳወጣ ሰው ተሻምቶ ወሰደው የሚል ቃል?»

«ስናፕ አፕ»። ለዚሁ የተፈጠረ ይመስላል።

«አንድ ቃል ስፈልግ ስልኬ ሃያ ተመሳሳይ ያወጣልኛል። ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?»

አይደሉም። በእንግሊዝኛ ተመሳሳይ ቃላትን የሚደረድር መጽሐፍ ያስለመደው ፒተር ማርክ ሮዤ የሚባል ሐኪም ነው፤ የእሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1852 ታተመ። ቃላቱን የሰበሰበው በሐሳብ ዘመድ ለዘመድ አድርጎ ነው እንጂ እኩል ናቸው ብሎ አይደለም። ዘመዳሞች ደግሞ ጠባያቸው ይለያያል፤ የሠርግ ቤት አይታችሁ የለ? አዲስ ቃል ስታገኝ ፍቺውን ትተህ ሁለት ሦስት ምሳሌ ዓረፍተ ነገር አንብብ። ከማን ጋር እንደሚውል እዚያ ይታያል።

«ባጃጅ እነዳለሁ፣ ከአዘዞ ነኝ። ፈረንጅ ‹አድርሰኝ› ሲለኝ ‹ማይ ፕሌዠር› ስል ግራ ይገባዋል። ምን አጠፋሁ?»

ቀደምክ። «ማይ ፕሌዠር» የሚባለው አድርሰኸው «ቴንክዩ» ሲልህ ነው። «አድርሰኝ» ሲልህ «ዊዝ ፕሌዠር» በለው። በመካከል ግን፣ ሳይሳፈር፣ ዋጋ ተነጋገሩ።