ከ3.31 ወደ 3.73፦ የሙስታንግ ዲፈረንሻል መቀየር ያዋጣል?

ጥያቄ፦ የ2015 ሞዴል ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ አለኝ። ካምቢዮው ባለ ስድስት ማርሽ ማንዋል ሲሆን፣ የዲፈረንሻሉ ሬሽዮ 3.31 ነው። በሥራ ቀን ወደ አርሊንግተን እመላለስበታለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በአይ 66 አውራ ጎዳና ወደ ሸናንዶዋ ተራሮች እወጣለሁ። ስድስተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ዳገት ሲገጥመኝ 435 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና የያዝኩ አይመስለኝም። ጓደኞቼ ዲፈረንሻሉን ወደ 3.73 እንድቀይር ይመክሩኛል፤ አንደኛውማ «4.09 ካላደረግህ አትልፋ» ብሎኛል። ገንዘቤን ከማውጣቴ በፊት የማገኘውንና የማጣውን በግልጽ ማወቅ እፈልጋለሁ። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ በመጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ምን እንደሆነ እንግባባ። ዲፈረንሻል ውስጥ ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ የሚያዞራት ትንሽ ጥርሳም ማርሽ፣ ፒኞን፣ አለች፤ እርሷም መካኒኮቻችን ኮሮና የሚሉትን ትልቁን ማርሽ ታዞራለች። ፒኞኗ 11፣ ኮሮናው ደግሞ 41 ጥርስ ካላቸው፣ 41 ለ11 ሲካፈል 3.73 ይመጣል፤ ጎማው አንድ ዙር እንዲዞር ዘንጉ 3.73 ጊዜ መዞር አለበት ማለት ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ይፈጥናል ብለው የሚያስቡ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ቶሎ ይነሣል፣ በየማርሹ የሚደርስበት የመጨረሻ ፍጥነት ግን ዝቅ ይላል። ሞተሩ ላይ አንዲት የፈረስ ጉልበት አትጨመርም።

ከ3.31 ወደ 3.73 ሲሄዱ በእያንዳንዱ ማርሽ ወደ ጎማው የሚደርሰው የማዞር ጉልበት በ12.7 በመቶ ያድጋል፤ በዚያው ልክ በተመሳሳይ ፍጥነት የሞተሩ ዙርም በ12.7 በመቶ ይጨምራል። የመኪናዎ አንደኛ ማርሽ 3.66 ስለሆነ፣ በ3.31 ሲባዛ 12.1፣ በ3.73 ሲባዛ 13.7 ይሆናል። ይህ በወረቀት ላይ ቢያምርም፣ መኪናዎ በ12.1ም ቢሆን ነዳጁን ከረገጡት የኋላ ጎማውን በቆመበት ያሽከረክራል፤ ስለዚህ አንደኛ ማርሽ ላይ የሚጨመረው ጉልበት አብዛኛው የጎማ ጭስ ሆኖ ይቀራል። ለውጡን በእውነት የሚያዩት በሁለተኛ፣ በሦስተኛና በአራተኛ ማርሽ ነው፤ ከቀርፋፋ መኪና ኋላ ወጥተው ሲያልፉ፣ ወይም ከመጠምዘዣ ሲወጡ ነዳጁን በነኩ ቁጥር መኪናው ፈጥኖ ይመልስልዎታል።

የሚያጡትንም እናስላ። ጎማዎ 255/40 ባለ 19 ኢንች ነው ብዬ ልውሰድ። ሞተሩ በደቂቃ 7,000 ዙር ሲደርስ፣ ሁለተኛ ማርሽ ዛሬ በሰዓት 70 ማይል ያህል ያደርስዎታል፤ በ3.73 ወደ 62 ማይል ይወርዳል፤ በ4.09 ደግሞ 57 ማይል ላይ ያልቃል። አሜሪካኖች የመኪናን ቅልጥፍና ከዜሮ እስከ 60 ማይል በሚፈጀው ጊዜ ስለሚለኩ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ3.73 ሁለተኛ ማርሽ ላይ እንዳሉ 60ን ያልፋሉ፤ በ4.09 ግን ከ60 በፊት ሦስተኛ ማስገባት ግድ ይሆናል፤ ማርሹ በሚቀየርባት ቅጽበትም የተገኘው ጥቅም ይበላል። እርስዎ የሩብ ማይል ውድድር የሚያዘወትሩ ካልሆኑ በቀር የጓደኛዎን ምክር ያክብሩለት፣ ግን አይከተሉት።

አሁን ወደ ቅሬታዎ ልግባ። ስድስተኛ ማርሽዎ 0.65 ነው፤ ለነዳጅ ቁጠባ ሲባል እጅግ ረዝሞ የተሠራ ነው። በሰዓት 70 ማይል ሲሄዱ ሞተሩ በደቂቃ 1,860 ዙር ገደማ ብቻ ይዞራል፤ ዳገት ላይ ቢደክም አያስደንቅም። በ3.73 ይህ ወደ 2,100 ዙር ከፍ ይላል፤ ለስላሳ ዳገት ላይ ማርሽ ሳይመልሱ ለማለፍ ይረዳዎታል፤ ድምፁም ሆነ የነዳጅ ወጪው በጉልህ የሚረብሽ አይሆንም። ነገር ግን እውነቱን ልንገርዎ፤ ያው ዳገት ላይ አምስተኛ ማርሽ ቢያስገቡ ወደ ጎማው የሚደርሰው ጉልበት በ54 በመቶ ያድጋል፤ አንድ ሳንቲም አይከፍሉበትም። ቅሬታዎ የአይ 66 ዳገት ብቻ ከሆነ መፍትሔው ቀኝ እጅዎ ላይ ነው። በየቀኑ በከተማ ውስጥም ሆነ በተራራው ጠመዝማዛ መኪናው ንቁ እንዲሆንልዎ ከፈለጉ ግን 3.73 ለእርስዎ ካምቢዮ የሚስማማ ምርጫ ነው፤ ፎርድ ራሱም ለዚያ ዘመን ማንዋል ጂቲ በአማራጭነት ያቀርበው ነበር። 3.55ም አለ፤ ሆኖም ጭማሪው 7 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለእርሱ ብዬ ዲፈረንሻል አላስከፍትም። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ላላቸው አንባቢዎች ግን ነገሩ ይለያል፤ የእነርሱ መነሻ 3.15 ስለነበረ ወደ 3.55 መሄዱ ያንኑ 12.7 በመቶ ይሰጣቸዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ ያሳሰበኝ የገጠማው ሥራ ነው። ፒኞንና ኮሮና እንደ ሻማ ነቅለው የሚተኩት ዕቃ አይደለም። የፒኞኗ ጥልቀት በስስ የብረት ቀለበቶች ይስተካከላል፤ ኩሽኔታዎቹ በትክክለኛ ጥብቀት መያዝ አለባቸው፤ በሁለቱ ማርሾች ጥርስ መካከል የሚቀረው ክፍተትም በመለኪያ ሰዓት ታይቶ አምራቹ ከወሰነው ልክ ጋር ይመሳከራል፤ ይህ ክፍተት የሚሊሜትር ክፍልፋይ ነው። ከዚያ መካኒኩ ጥቂት የኮሮና ጥርሶች ላይ ቢጫ ቅባት ይቀባል፤ ማርሹን ወዲያና ወዲህ ያዞርና ቅባቱ የተጠረገበትን አሻራ ያያል። አሻራው ጥርሱ መካከል ላይ እንደ እንቁላል ቅርጽ ካረፈ ደግ ነው፤ ወደ ጥርሱ ጫፍ ወይም ወደ ሥሩ ካጋደለ ሁሉም ተፈትቶ የቀለበቱ ውፍረት ይቀየራል። ሦስትና አራት ጊዜ መፍታት ያለ ነው። እኔም በአንድ ወቅት ይህን ትዕግሥት ለሌለው ጋራዥ አሮጌ መኪናዬን ሰጥቼ ነበር፤ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስደርስ የሚጀምር፣ እግሬን ከነዳጁ ሳነሣ ድምፁን የሚለውጥ ፉጨት ይዤ ወጣሁ። ሬዲዮ ከፍ አድርጌ ስሸሸው ከረምኩ፤ በመጨረሻ ጥርሱ ተበልቶ እንደገና ገዛሁ። ስለዚህ ጋራዡን «የአሻራውን ፎቶ ከመዝጋታችሁ በፊት ታሳዩኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። በጥያቄው የሚቆጣ መካኒክ ካጋጠመዎ መኪናዎን ይዘው ይውጡ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን ሌላ መንገድ እመርጣለሁ። የእርስዎ ሙስታንግ የኋላ ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱበት በመሆኑ፣ ዲፈረንሻሉ ከነቤቱ እንዳለ ከመኪናው ይወርዳል። ከተጋጨ ባለ 3.73 ጂቲ ላይ የወረደ፣ በፋብሪካ የተገጠመ ሙሉ ዲፈረንሻል ካገኙ የእነዚያ ቀለበቶችና አሻራዎች ጣጣ አያገኝዎትም። ሲገዙ ዘንጉ የሚታሰርበት ፊት ከእርስዎ ዘንግ ጋር መግጠሙን ያረጋግጡ፤ ዘይቱ ውስጥም የብረት ብናኝ አለመኖሩን ይዩ። የሻጩን ቃል ብቻ አይመኑ፤ የሁለቱም ጎማ መውጫ አብሮ አንድ ሙሉ ዙር እስኪዞር ፒኞኗን በእጅ አዙረው ይቁጠሩ። ከሦስት ዙር በኋላ ሦስት ሩብ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ከቆመ 3.73 ነው፤ ከሦስት ዙር በኋላ አንድ ሦስተኛ ላይ ከቆመ አሁን ያለዎትን ራሱን ሊሸጡልዎ ነው።

ከገጠማው በኋላ የመኪናው ኮምፒውተር አዲሱን ሬሽዮ እንዲያውቅ ማስደረግ ያስፈልጋል። አለበለዚያ ፍጥነቱን ከካምቢዮው መውጫ ዙር የሚያሰላ ከሆነ፣ በ70 ማይል ሲሄዱ 79 ያሳይዎታል። አዲስ ፒኞንና ኮሮና ካስገጠሙ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ያህል በዝግታ ነድተው ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ያቁሙት፤ ይህንንም ደጋግመው ያድርጉት። እስከ 500 ማይል ድረስ ነዳጁን አጥብቀው አይርገጡ፤ 500 ሲሞላ ዘይቱን ያስቀይሩ።

ጥያቄ፦ ዱባይ እኖራለሁ፤ የ2013 ቶዮታ ጂቲ 86 ማንዋል አለኝ። ከ2017 ወዲህ የወጣው ማንዋል 86 ዲፈረንሻሉ 4.3 እንደሆነ ሰማሁ፤ የኔ 4.1 ነው። ልቀይረው?

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው፤ ቶዮታ የ2017ቱን ማንዋል ወደ 4.3 ከፍ አድርጎታል። ነገር ግን ልዩነቱ 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። ፋብሪካው አዲስ መኪና ሲሠራ ይህን መለወጡ ምንም አያስወጣውም፤ እርስዎ ግን ሙሉ የገጠማ ሥራ ይከፍሉበታል፤ ከዚያም ለውጡን ለማስተዋል ጆሮዎን መቅሰር ይኖርብዎታል። ለውጥ የሚሰማው 4.56 ሲሆን ነው፤ ይህም ከላይ ካልነው 12.7 ብዙም የማይርቅ 11 በመቶ ጭማሪ ነው። ሆኖም የእርስዎ ስድስተኛ ማርሽ 0.767 በመሆኑ እንደ ሙስታንጉ ረጅም አይደለም። በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ዛሬ ሞተሩ በደቂቃ 3,740 ዙር ገደማ ይዞራል፤ በ4.56 ወደ 4,150 ይወጣል። ወደ አቡ ዳቢ ዘወትር የሚመላለሱ ከሆነ ያ ድምፅ ያሰለችዎታል። መኪናው ለቅዳሜ መዝናኛ ብቻ ከሆነ ግን 4.56ን ያስገጥሙ፤ 4.3ን ይተዉት። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጎማዎን ይመልከቱ፤ ከፋብሪካው 215/45 ባለ 17 ኢንች ወደ ረዘመ ጎማ ቀይረው ከሆነ መኪናውን ያደከመው ዲፈረንሻሉ ላይሆን ይችላል።