ሙታን ቀን ይቆጥራሉ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ እናቴ ካረፈች ሁለት ወር አለፋት፣ የ80 ቀን ተዝካሯን እያዘጋጀን ነው። ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፣ እሷ እዛ ሆና ጊዜው ሲሄድ ይታወቃታል? እየጠበቀችን ነው ወይስ ለሷ ሁሉም ነገር አልቋል?

መልስ፦ እህቴ ነፍስ ይማር፣ እግዚአብሔር ያፅናሽ። ብዙ ሰው "እዛ ጊዜ የሚባል የለም" ብሎ ይዘጋዋል፣ ለኔ ግን አይዋጥልኝም፣ ምክንያቱም ራእይ 6 ላይ ስለ እግዚአብሔር ቃል የታረዱት ነፍሳት ከመሠዊያው በታች ሆነው "እስከ መቼ?" ብለው ይጮኻሉ፣ ከዛ ነጭ ልብስ ይሰጣቸውና ጥቂት ዘመን እንዲያርፉ ይነገራቸዋል፣ ጊዜ ጭራሽ ከሌለ ታዲያ ምኑን ነው የሚጠብቁት? ሉቃስ 16 ላይ ያለው ሀብታምም አምስት ወንድሞቹን ያስታውሳል፣ ይጨነቅላቸዋል። ትንሣኤ ሙታን ደግሞ ገና ነው እኮ፣ ነፍስ ከሥጋዋ ጋር የምትገናኝበትን ቀን ትጠብቃለች።

የኛ ሰዓትና ካላንደር እዛ ይሰራል ማለቴ ግን አይደለም። 2ኛ ጴጥሮስ 3፥8 በጌታ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነው ይላል፣ ካቶሊኮቹም ጋር ፖፕ ቤኔዲክት 16ኛ በ2007 በፈረንጆቹ ስለ ነፍስ መንጻት ሲጽፉ ርዝመቱ በዚህ ዓለም ሰዓት አይለካም ብለዋል።

3፣ 7፣ 12፣ 30፣ 40፣ 80 እያልን የምንቆጥረው እኛ ነን፣ ጸሎቱ ግን ይደርሳታል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ድግሱ ቢያንስም አትጨነቂ፣ ፍትሐቱን በቀኑ አስደርጊላት፣ የክርስትና ስሟንም ለካህኑ በደንብ ጽፈሽ ስጪ።