ሳሎኑ ለማን ነው?

ልጆቼ፣ ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ እየተመላለስኩ የሰው ቤት ሳስውብ ፀጉሬ ሸበተ። አዲስ ሥራ የያዛችሁ፣ ቤት የተከራያችሁ ወይም ኮንዶሚኒየም የደረሳችሁ ልጆች ስትመጡ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ሶፋው ምን ዓይነት ይሁን?» ነው። እኔም መልሼ «እንጀራ የምትጋግሩት የት ነው?» እላችኋለሁ። ግራ ተጋብታችሁ ትተያያላችሁ።

እኛ ጎጃሞች እንግዳ እንወዳለን። ማኅበሩ አለ፣ ዝክሩ አለ፣ ክርስትናው አለ። ሳሎኑ የሚሠራው ለዚያ ቀን ነው። ሌላውን ጊዜ ሶፋው ዳንቴል ለብሶ፣ ቡፌው ማንም ያልጠጣበት ብርጭቆ ተሸክሞ ተቆልፎ ይቀመጣል። ባለቤቶቹስ? ጓዳ ውስጥ በርጩማ ላይ ተኮልኩለው፣ ጭስ እየጠጡ ይበላሉ። «የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ» የተባለው ስለ ሰው ጠባይ ነው፤ እኔ ግን ስንቱን ቤት በዚህ ተረት ጠርቼዋለሁ።

እኔም ብሆን ከዚህ አላመለጥኩም። በልጅነት ዘመኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ለአንዲት እናት ሳሎን የጂፕሰም ኮርኒስ አሠራሁ፤ መሐሉ አበባ፣ ዳሩ ጥልፍ የመሰለ። ጣሪያው ላይ ግን ሰው አላወጣሁም። ቆርቆሮው አርጅቷል፣ የሚስማሩ ላስቲክ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሐምሌ ሲገባ አበባው ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ አበጠ፤ በነሐሴ ወረደ። ስደርስ እትዬ ከሥሩ ሳፋ ደቅነው ቁጭ ብለዋል። አልተቆጡኝም። «አንቺ ልጅ፣ ክረምት መኖሩን ረሳሽው?» አሉኝ። ቢቆጡኝ በተሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የምጀምረው ከላይ ነው። ጣሪያው ይታያል፣ አሸንዳው ይጠረጋል፣ ውሃው ከግድግዳው ርቆ የሚወርድበት ቦይ ይቆፈራል። የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ውሃ ከጠጣ የምትቀቡት ቀለም ሁሉ ይላጣል። ጭቃው ላይ ሲሚንቶ ብትለስኑበትም ሁለቱ አይዋደዱም፤ ልስኑ ይሰነጠቅና እንደ ቅርፊት ይነሣል። የሲሚንቶ ግድግዳ ያላችሁ ደግሞ አዲስ ልስን ላይ ቀለም ለመቀባት አትጣደፉ፤ አራት ሳምንት ያህል ይድረቅ። ቀለም ቀቢው «ነገ እንጨርሳለን» ይላችኋል፤ አትስሙት።

ቀጥሎ መብራት። ከሁሉ በላይ የምነዘንዛችሁ በዚህ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። በ220 ቮልት ስታካፍሉት 16 አምፔር ይጠጋል። ይህን ሁሉ ለአምፖል በተዘረጋ ቀጭን 1.5 ስኩዌር ሚሊሜትር ሽቦ፣ ያውም በዲቫይደር፣ ያውም ከማቀዝቀዣው ጋር ትሰኩታላችሁ! ሶኬቱ ሲጠቁር ያላየ ማን አለ? ከብሬከሩ ተነሥቶ ለምጣዱ ብቻ የሚሄድ ወፍራም 4 ስኩዌር ሚሊሜትር መስመር ከነኧርዙ፣ ማለትም መሬት ከሚገባው የመከላከያ ሽቦ ጋር፣ አዘርጉ። እንግዳ ሲመጣ ማንም አይቶ አያደንቅላችሁም። ይሁንና ከአንድ ሶፋ ወንበር ባነሰ ዋጋ የሚያልቅ ሥራ ነው፣ ልጆቻችሁም ተኝተው ያድራሉ። በእንጨት የምትጋግሩ ደግሞ «ምርጥ» የሚባለውን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ግዙ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ከበላዩ ጭስ መውጫ ይኑረው።

አንድ ነገር በመሐል ላንሣ። ባሕር ዳር ያያችሁትን ቤት ደብረ ማርቆስ ላይ አትድገሙት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ነው፤ መስኮት ፊት ለፊት ተከፍቶ ነፋስ እንዲያልፍ፣ የወባ ትንኝ እንዳትገባም ወንፊት እንዲኖረው ያስፈልጋል። ማርቆስ ከ2400 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ሴራሚክ ወለል ጠዋት እግር ያቆረፍዳል፣ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮም ሌሊት ብርዱን ያወርደዋል።

ሥርዓት ስለ መያዝ ስትጠይቁኝ ትዝ የምትለኝ እናቴ ናት። ቁም ሳጥን የሚባል አልነበራትም። እህሉ በጎታ፣ ዘሩ በቆጥ፣ ሰፌዱና ወንፊቱ ግድግዳው ላይ በተሰካ እንጨት፣ አክንባሎና ማሰሻው ከምጣዱ ጎን። ኩራዝ ቢጠፋባት በጨለማ እጇን ሰድዳ ጨው ታነሣለች። ምሥጢሩ ዕቃው የሚኖረው በሚሠራበት ቦታ መሆኑ ነው። እናንተ ዘንድ ግን ቢላዋው ሳሎን ቡፌ ውስጥ፣ ሽንኩርቱ አልጋ ሥር ይገኛል። በየቀኑ የምትነኩትን ከጉልበት እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ አድርጉት፤ በዓመት አንዴ ለዝክር የሚወርደው ትልቅ ድስት ላይ ይውጣ። ውሃ በተራ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ለጀሪካኖቹም ቦታ ለኩላቸው፤ መተላለፊያ ላይ የሚደረደሩት ቦታ ስላልተሰጣቸው ነው። «አንድ ቀን ያገለግላል» ተብሎ የተከማቸው የቀለም ቆርቆሮና የተሰበረ ወንበር ሳይወጣ ግን ቁም ሳጥን አትግዙ። ለኮተታችሁ ቁልፍ ገዛችሁለት ማለት ነው።

ተከራዮች፣ በሰው ግድግዳ ላይ ገንዘባችሁን አትለጥፉ። ካስፈለገ ከአከራዩ ጋር አስቀድማችሁ ከኪራዩ የሚታሰብ መሆኑን ተስማሙ። ከዚያ ውጪ ተሸክማችሁት የምትሄዱትን ምረጡ፦ ጥሩ ፍራሽ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ የእንጅባራ ቀርከሃ መደርደሪያ። ቀርከሃው ሦስት ዓመት ያልሞላው ለጋ ከሆነ ነቀዝ ይጨርሰዋል፤ ሠሪውን ጠይቁት፣ አያፍርም፣ ይነግራችኋል።

ይህን ሁሉ የምመክራችሁ እኔ፣ ሳሎኔ ጥግ ላይ የእናቴ ጠላ መጥመቂያ ጋን ቆሟል። አንገቱ ተሸርፏል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ለምንም አይሆንም። የሌላ ሰው ቤት ቢሆን በመጀመሪያው ቀን አስወጣው ነበር። ክረምት ሲገባ ጃንጥላ አስቀምጥበታለሁ።