ቪስኮስ «ሰው ሠራሽ ጥጥ» ነው?

ጥያቄ፦ ልብስ ሱቅ ነው የምሠራው። መለያቸው ላይ «ቪስኮስ» ወይም «ሞዳል» የሚል ልብሶች በዝተዋል። ምንድን ነው ሲሉኝ «ሰው ሠራሽ ጥጥ» እላለሁ። አንድ ደንበኛ ግን «ፖሊስተር ነው በለኛ!» ብሎኝ ወጣ። ምን ልበል?

መልስ፦ ደንበኛዎን ያሳሳተው ቃሉ ነው። «ሰው ሠራሽ» ሲባል ሰው ቁሱን ራሱን እንደፈጠረው ይሰማል። ፖሊስተር እንዲያ ነው፤ መነሻው ነዳጅ ዘይት ነው። የቪስኮስ መነሻ ግን ሴሉሎስ፣ ማለትም የዕፅዋት አካል የሚገነባበት ቁስ ነው፤ በአብዛኛው ከእንጨት ይወጣል። ጥጥም ቢሆን ከሞላ ጎደል ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎሱን የሠራው ዛፉ ነው፤ ሰው የሠራው ክሩን ብቻ ነው።

ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1892 ያስመዘገቡት ክሮስ፣ ቤቫንና ቢድል የተባሉ እንግሊዛውያን ናቸው። የእንጨቱ ሴሉሎስ ኮስቲክ ሶዳና ካርቦን ዳይሰልፋይድ በሚባሉ ኬሚካሎች ሟምቶ ማር የመሰለ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ተገፍቶ አሲድ ውስጥ ሲገባ ይረጋል። ያኔ ተመልሶ ሴሉሎስ ነው።

ተርጓሚ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። እንዲህ ተመልሶ ሴሉሎስ የሆነውን እንግሊዝኛው «regenerated cellulose» ይለዋል፤ ይህ «እንደገና ጥቅም ላይ የዋለ ሴሉሎስ» ተብሎ ተተርጉሞ አንብቤአለሁ። ስሕተት ነው፤ ያረጀ ልብስ ተፈትቶ የተሠራ ያስመስለዋል። እኔ የምመርጠው «ሟምቶ የረጋ ሴሉሎስ» የሚለውን ነው። ረጋ ከእርጎ ጋር አንድ ሥር ስላለው ማንም ይረዳዋል። «ቀልጦ» እንዳይሉ ግን አደራ። ቅቤ በሙቀት ይቀልጣል፤ ስኳር በውኃ ይሟሟል። ቀልጦ ክር የሚሆነው ፖሊስተር ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ ልዩነት አማርኛችን ውስጥ ተቀምጦ ሳንጠቀምበት ስንቀር ያሳዝነኛል።

«ጥጥ» የሚለውስ? ይህ ክር መጀመሪያ የተመሳሰለው ከሐር ጋር ነበር፤ ያብረቀርቃላ። በአሜሪካም «ሰው ሠራሽ ሐር» ሲባል ኖሮ በ1924 «ሬዮን» የሚል የራሱ ስም ወጣለት። ከጥጥ የሚለየው ውኃ ሲነካው ነው። ጥጥ ሲርስ ይጠነክራል፤ ተራ ቪስኮስ ግን ጥንካሬው ወደ ግማሽ ይወርዳል። በ1950ዎቹ ጃፓናዊው ታቺካዋ የሴሉሎሱ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ብዙ ሳይቆራረጡ፣ በለዘብተኛ አሲድ ቀስ ብለው የሚረጉበትን መንገድ አገኘ። ክሩ እርጥብ ሆኖም ጉልበት አገኘ። ሞዳልም የዚሁ ዘመድ ነው። ስለዚህ ሞዳልን «ጥጥ መሳይ» ቢሉት አልቃወምም። ተራውን ቪስኮስ ግን አይበሉት፤ ገዢው እንደ ጥጥ አሽቶና ጨምቆ ያጥበውና ይጎዳዋል።

ናይለንን ናይለን እንዳልን ቪስኮስንም ቪስኮስ እንበለው። ምንድን ነው ካሉዎት «ከእንጨት የወጣ ክር ነው፤ ሲታጠብ አይጨመቅ» ይበሏቸው።