ዘጠኝ ሰዓት ከ35 ወይስ ሦስት ሰዓት ከ35?

ጥያቄ፦ ልጄ ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ በሚባል ከተማ ትኖራለች። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ስለምትወልድ ላርሳት እሄዳለሁ። አውሮፕላኑ ሮም የሚደርሰው ንጋት ላይ ነው። መጥታ ልትቀበለኝ ስለማትችል ከሮም ቴርሚኒ የሚነሳ የፈጣን ባቡር ትኬት በስልኬ ልካልኛለች፤ 09:35 ይላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከ35 ድረስ ቁጭ ከምል ከተማውን ዞር ዞር ብዬ ላይ አስቤያለሁ። ሻንጣዬን የት ላስቀምጥ? ቋንቋውንም አላውቅም።
አንዲት እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እትዬ፣ ሻንጣውን የትም አያስቀምጡ፤ ይዘውት ወደ ባቡሩ ይሂዱ! 09:35 በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከ35 ነው። እርስዎ በዘጠኝ ሰዓት ጣቢያ ሲደርሱ ባቡሩ ቦሎኛን አልፎ ከሄደ ሰዓታት ተቆጥረዋል። እዚያ ቀኑ የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ስለሆነ ትኬት ላይ ካለው ሰዓት ስድስት ይቀንሱ። ደግሞ በነሐሴ ጣሊያን ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። የእጅ ሰዓትዎን ካላስተካከሉት ባቡሩ ሲነሳ አራት ሰዓት ከ35 ይልዎታል።

እንዲህ የምጮኸው ደርሶብኝ ነው። ቦሎኛ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ፊሬንዜ (እኛ ፍሎረንስ የምንላት) ያለች ጓደኛዬን ልጠይቅ 07:25 የሚል ትኬት ገዛሁ። ዶሮ ወጥ ሠርቼ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልዬ፣ ልክ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ጣቢያው ደረስኩ። ተቆጣጣሪው ትኬቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ድስቱን አየ፤ ከዚያ ትከሻውን ነቀነቀ። የረከሰ ትኬት ባቡሩ ካመለጠ ገንዘቡ አይመለስም። ወጡን ቤት ተመልሼ ብቻዬን በላሁት።

ከሮሙ ፊውሚቺኖ አውሮፕላን ማረፊያ ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለውን ባቡር ይያዙ። 14 ዩሮ ነው፤ መንገድ ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ያደርሳል። ከዚያው ጣቢያ የሚነሳ ረከስ ያለ ባቡር አለ፤ ቴርሚኒ ግን አይገባም። የወረቀት ትኬት ከገዙ ከመሳፈርዎ በፊት እዚያው ጣቢያ ውስጥ ባለችው ትንሽ ማሽን ያስመቱት። ያልተመታ ትኬት እንዳልተገዛ ይቆጠራል፤ ያስቀጣል። ልጅዎ የላከችልዎ ግን ቀኑና ሰዓቱ ተወስኖ የተቆረጠ ስለሆነ ማስመታት አያስፈልገውም። ትኬት መሸጫ ማሽኑ ጋ ሳይጠሩት ሊያግዝዎት የሚመጣ ሰው ካለ ቦርሳዎን ያዝ ያድርጉ።

ቴርሚኒ ትልቁ ሰሌዳ ላይ ቦሎኛ የሚል ቢፈልጉ ላያገኙ ይችላሉ። ጎልቶ የሚጻፈው ባቡሩ የሚያበቃበት ከተማ ነው፤ ሚላኖ፣ ቶሪኖ ወይም ቬኔዚያ። ስለዚህ የባቡሩን ቁጥር ከትኬትዎ ጋር ያመሳክሩ። ቢናሪዮ ከሚለው ሥር የሚወጣው የሐዲዱ ቁጥር ነው፤ የሚታየውም መነሻው ሲቃረብ ስለሆነ አይደንግጡ። ሪታርዶ ካለ ዘግይቷል። ቋንቋውን አላውቅም ያሉትን ግን አልቀበልም። ፌርማታ የእነርሱ ቃል አይደል? ፕሮሲማ ፌርማታ ሲሉ የሚቀጥለው ፌርማታ ማለታቸው ነው።

መንገዱ ሁለት ሰዓት ከምናምን ቢሆን ነው። ከፊሬንዜ በኋላ ጨለማ ውስጥ ይገባሉ፤ እስከ ቦሎኛ ካለው 78 ኪሎ ሜትር 73ቱ ዋሻ ነው። ጆሮዎ ሲደፈን ሻንጣዎን ወደ በሩ ያቅርቡ፤ ባቡሩ ብዙ አይቆምም። አብዛኞቹ ፈጣን ባቡሮች ቦሎኛ ላይ የሚቆሙት ከመሬት በታች ነው፤ በተንቀሳቃሽ ደረጃው ደጋግመው ይወጣሉ። ስለዚህ ሻንጣው ራስዎ የሚያነሱት ይሁን። ቅቤውን ይተዉት፤ ከእኛ አገር ቅቤም ሥጋም ወደዚያ ማስገባት ክልክል ነው። በርበሬና የገንፎ ዱቄት ይበቃል።

ውጭ ሲወጡ ግድግዳው ላይ 10:25 ላይ የቆመ ሰዓት ያያሉ። እኔ የመጣሁ ቀን የእጅ ሰዓቴን በእሱ ሞልቼ ቀኑን ሙሉ ስደናገር ዋልኩ። ተበላሽቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1980 በዚያች ደቂቃ በጣቢያው ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 85 ሰው ሞቷል፤ ሰዓቱም ለመታሰቢያ በዚያች ደቂቃ ላይ እንዲቆም ተደረገ። ልጅዎ የዘገየች ቢመስልዎ በዚያ ሰዓት አይፍረዱባት።