ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡት፦ ስለ ቨርጂኒያ የትራፊክ ክስ ጥያቄና መልስ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የትራፊክ ክስ በሚይዝ የጠበቃ ቢሮ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም። ሕጉንና አሠራሩን እነግራችኋለሁ፤ ለየራሳችሁ ጉዳይ የሚሆነውን ምክር ግን ከጠበቃ ውሰዱ። የምመልሰው በዋናነት ስለ ቨርጂኒያ ነው። የፖቶማክን ወንዝ ወደ ዲሲ (ዋሽንግተን) ወይም ሜሪላንድ ስትሻገሩ ሕጉ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ 395 አውራ ጎዳና ላይ 55 ማይል በሚለው ቦታ 78 ስነዳ ፖሊስ አስቆመኝ። ወረቀቱ «ሪክለስ ድራይቪንግ» (በግዴለሽነት መንዳት) ይላል። ጓደኛዬ «ኦንላይን ክፈልና ተገላገል» ይለኛል። ልክፈል?

መልስ፦ ጓደኛህ ተራ ቲኬት መስሎት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል ወይም ከዚያ በላይ ካለፍክ፣ ወይም የመንገዱ ገደብ ምንም ይሁን ምን ከ85 በላይ ከነዳህ ክሱ የወንጀል ክስ ነው (እስከ 2020 ድረስ መስመሩ 80 ነበር)። ክላስ 1 ሚስዲሚነር ይሉታል፤ ከቀላል ወንጀሎች ከፍተኛው ደረጃ ነው። ጣሪያው 12 ወር እስርና 2,500 ዶላር ነው፤ ዳኛው መንጃ ፈቃድህንም እስከ 6 ወር ሊያግድ ይችላል። ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት) 6 ፖይንት፣ ማለትም የጥፋት ነጥብ፣ ይመዘግብብሃል፤ ጥፋቱ መዝገብህ ላይ 11 ዓመት ይቆያል። ኦንላይን ልክፈል ብትልም አይቀበልህም፤ ፍርድ ቤት ትቀርባለህ።

ግን አትደንግጥ። በ78 ብቻ የታሰረ ሰው ቢሯችን ገብቶ አያውቅም፤ ዳኞች ስለ እስር ማሰብ የሚጀምሩት ፍጥነቱ ወደ 100 ሲጠጋ ነው። ያንተ ትግል ክሱን ወደ ተራ የፍጥነት ጥፋት፣ ወይም «ኢምፕሮፐር ድራይቪንግ» (ተገቢ ያልሆነ አነዳድ) ወደሚባለው ማስወረድ ነው። እሱ ወንጀል አይደለም፤ ቢበዛ 500 ዶላርና 3 ፖይንት ነው።

ከቀጠሮው በፊት የመንዳት መዝገብህን ከዲኤምቪ አውጣ። የ8 ሰዓቱን የአሽከርካሪዎች ትምህርትም ጨርሰህ ሰርተፊኬቱን ያዝ። ቀጥሎ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ የመኪናህን ፍጥነት ቆጣሪ አስመርምር። መካኒኩ ጎማውን የሚሽከረከር ብረት ላይ አውጥቶ ያስሮጠዋል፣ ቆጣሪው የሚለውንና መኪናው በእውነት የሚሄደውን ያስተያያል፣ ከዚያ በመሐላ የተረጋገጠ ወረቀት ይሰጥሃል። መኪናው 78 ሲሄድ ቆጣሪው 74 የሚያሳይ ከሆነ አንተ የምታውቀው ከገደቡ 19 ማይል ብቻ ማለፍህን ነው፤ ከሪክለስ አንድ ማይል በታች ማለት ነው። ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ወረቀት እንዲቀበል ሕጉ ራሱ ያዛል። ቆጣሪህ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ወረቀቱን ቤትህ ትተኸው ትሄዳለህ።

ጥያቄ፦ ፖሊሱ «ፈርሚ» ሲለኝ ፈረምኩ። ጥፋቴን አመንኩ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም፣ እህቴ። ፊርማው «ጉዳዩን እጨርሳለሁ ወይም እቀርባለሁ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ጥፋትሽን የምታምኚው ስትከፍዪ ነው።

ጥያቄ፦ እሺ፣ የኔ 9 ማይል ብቻ ነው ያለፈው። መክፈል ምን ጉዳት አለው?

መልስ፦ ገንዘቡማ ብዙ አይደለም፤ በተለመደው መንገድ ላይ ለእያንዳንዱ ማይል 6 ዶላር፣ በዚያ ላይ የፍርድ ቤት ክፍያ። ጉዳቱ ሌላ ነው። ከፈልክ ማለት «ጥፋተኛ ነኝ» አልክ ማለት ነው፤ 3 ፖይንት ይያዝብሃል፣ መዝገብህ ላይም 5 ዓመት ይቆያል። ፖይንቱ በ2 ዓመት ይወርዳል፤ ኢንሹራንሱ የሚያየው ግን መዝገቡን ነው። ከ10 እስከ 19 ማይል ቢሆን 4 ፖይንት ነበር። በ12 ወር ውስጥ 12 ፖይንት የሞላበት ትምህርቱን በግድ ይወስዳል፣ 18 የሞላበት 90 ቀን ፈቃዱ ይታገዳል።

መዝገብህ ንጹሕ ከሆነ እኔ በበኩሌ ቀርበህ ዳኛውን ጠይቅ ነው የምለው። አንዳንዱ ዳኛ «ትምህርቱን ወስደህ ና» ብሎ ክሱን ይዘጋዋል። አንዳንዱ አይዘጋውም፤ ያኔም ከከፈልክበት ብዙ አትርቅም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ መኪና ገጭተሻል ተብዬ ተከስሻለሁ። እንግሊዝኛው ያስቸግረኛል። የወለድኩት ልጅ ያስተረጉምልኛል፤ ይበቃል?

መልስ፦ እናቴ፣ ልጅዎ አብሮዎት ይምጣ፣ አስተርጓሚው ግን ፍርድ ቤቱ የሚመድበው ይሁን። ለአማርኛ አስተርጓሚ ይመደባል፣ አይከፈልበትም። ከቀጠሮው ቀን አስቀድመው ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ደውለው ያስመዝግቡ። ሱቅና ሥራ ቦታ የሚበቃ እንግሊዝኛ ያላቸው ወገኖቻችን «እችላለሁ» ብለው ይገቡና ዳኛው በፍጥነት ሲናገር አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ያ አንገት መነቅነቅ ነው ኋላ የሚያስለቅሰን።

ጠበቃን በተመለከተ፣ እስር በማያስከትል ተራ ቲኬት መንግሥት ጠበቃ አያቆምም። እስር በሚያስከትል ክስ ላይ ገቢዎ ዝቅተኛ ከሆነ ዳኛውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቀጠሮዬን ረሳሁት። አሁን ሊይዙኝ ይመጣሉ?

መልስ፦ ተራ ቲኬት ከሆነ በሌለህበት ይፈረድብሃል። ሪክለስን የመሰለ ወንጀል ከሆነ ግን የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል፣ አለመቅረብህም ሌላ ክስ ነው። ዛሬውኑ ጽሕፈት ቤቱ ደውል። ተፈርዶብህ ከሆነ በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት መብትህ ነው፤ ሰርኪዩት ኮርት (ከፍ ያለው ፍርድ ቤት) ጉዳዩን ከመጀመሪያው አዲስ አድርጎ ያየዋል። ቅጣቱ ግን ሊጨምርም ይችላል። 10 ቀኑ ካለፈህ፣ በቂ ምክንያት ካለህ፣ በ60 ቀን ውስጥ ጉዳዩ እንዲከፈትልህ ማመልከት ትችላለህ።

ጥያቄ፦ ጠጥቼ ስነዳ ተያዝኩ። ግሪን ካርድ ነው ያለኝ፣ የዜግነት ፎርም ላስገባ ስል ነው። ያባርሩኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለት ጉዳይ ነው የያዝከው። የቨርጂኒያው እንዲህ ነው፦ በደም ውስጥ ያለው የአልኮል ልኬት ገደቡ 0.08 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከተፈረደብህ ቢያንስ 250 ዶላር ትቀጣለህ፣ ፈቃድህ ለ1 ዓመት ይወሰዳል፣ የአልኮል ትምህርት ትገባለህ፣ ሥራ ለመሄድ የተወሰነ ፈቃድ ቢሰጥህም መኪናህ ላይ ካልተነፈስክበት ሞተሩ የማይነሳ መሣሪያ ይገጠማል። ልኬቱ ከ0.15 እስከ 0.20 ከሆነ ዳኛው ሊቀንሰው የማይችለው 5 ቀን እስር አለ፤ ከ0.20 በላይ ከሆነ 10 ቀን። መንገድ ላይ የሚሰጡትን ትንሿን መተንፈሻ እምቢ ማለት ይቻላል፤ ከታሰሩ በኋላ የሚደረገውን ምርመራ እምቢ ማለት ግን ራሱን የቻለ ክስ ሆኖ ፈቃድህን ለ1 ዓመት ያስወስዳል።

ወደ ኢሚግሬሽኑ ስንመጣ፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በመጠጥ መንዳት ብቻውን ለመባረር የሚያበቃ «የኃይል ወንጀል» አይደለም ብሎ ወስኗል። አንድ ተራ ዲዩአይ (ጠጥቶ የመንዳት ጥፋት) ብዙውን ጊዜ ግሪን ካርድ አያሳጣም። ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ነገር ሲጨመርበት ነው፦ አደንዛዥ ዕፅ፣ መኪና ውስጥ ያለ ሕፃን፣ የታገደ መንጃ ፈቃድ። በዜግነት በኩል ደግሞ ከ2019 ወዲህ፣ መርማሪዎቹ ወደ ኋላ በሚያዩት ዘመን ውስጥ ሁለት ዲዩአይ ያለበት ሰው መልካም ጠባይ እንደሌለው ይገመታል፤ ግምቱን የማፍረሱ ሸክም የአመልካቹ ነው። ስለዚህ ፎርሙን ከማስገባትህም፣ ክሱ ላይ ከመስማማትህም በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግር። የወንጀል ጠበቃህም መዘዙን ሊነግርህ ግዴታ አለበት፤ የ2010 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ነፃ ብትወጣም ፎርሙ ላይ መታሰርህን ጻፍ። ሰው የሚወድቀው በመጠጡ ሳይሆን በመደበቁ ነው።

በተማሪ ወይም በጉብኝት ቪዛ ያላችሁ፣ ለእናንተ መታሰሩ ብቻ ቪዛውን ሊያሰርዝ ይችላል፤ ፍርድ አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ነጂ ነኝ። ትምህርት ወስጄ ክሱ ቢዘጋልኝስ?

መልስ፦ ሲዲኤል (የጭነት መኪና መንጃ ፈቃድ) ካለህ ይህ መንገድ ዝግ ነው። የፌዴራል ሕግ ጥፋትህን በትምህርት ሰበብ ከመዝገብ መሸፈንን ይከለክላል፣ በግል መኪናህ ብትያዝ እንኳ። ያለህ አማራጭ ማስረጃውን መከራከር ነው። በጭነት መኪናው ገደቡን 15 ማይል ማለፍ «ከባድ ጥፋት» ነው፤ በ3 ዓመት ሁለት ከሆነ 60 ቀን ከሥራ ውጭ ነህ። ዲዩአይ በግል መኪናህም ቢሆን ሲዲኤልህን ለ1 ዓመት ይወስደዋል፣ ሁለተኛው ዕድሜ ልክ። እናንተ ያለ ጠበቃ ባትቀርቡ ነው የሚሻለው።

ጥያቄ፦ ፓርኪንግ ውስጥ የቆመ መኪና ጫርኩና ደንግጬ ሄድኩ።

መልስ፦ ባለቤቱ ከሌለ ስምና ስልክ የያዘ ወረቀት መኪናው ላይ ትተሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ ማሳወቅ ነበረብሽ። ሰዓቱ ካላለፈ አሁኑኑ ደውዪ። ካለፈ ጠበቃ ይደውልልሽ።

ጥያቄ፦ የዲሲ ካሜራ ቲኬት ደረሰኝ። ቨርጂኒያ ነው የምኖረው፣ ምን ያደርጉኛል?

መልስ፦ ፖይንት የለውም፣ የሚሄደው በታርጋው ባለቤት ነው። የመክፈያውን ጊዜ ካሳለፍከው ግን እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜ ያለፈባቸው ሁለት ያልተከፈሉ ቲኬቶች ካሉህ ዲሲ ውስጥ ያቆምካት መኪና ጎማዋ ታስሮ ታገኛታለህ።

ጥያቄ፦ ከኢትዮጵያ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በአገሬ መንጃ ፈቃድ ስነዳ ተያዝኩ።

መልስ፦ ነዋሪ ከሆንክ በኋላ የቨርጂኒያውን ለማውጣት ያለህ 60 ቀን ነበር። ያለ ፈቃድ መንዳት ክላስ 2 ሚስዲሚነር ነው፣ እስከ 6 ወር እስርና 1,000 ዶላር ያደርሳል። ነገ ዲኤምቪ ሂድ፣ ፈተናውን ተፈተን፣ ፈቃዱን ይዘህ ዳኛው ፊት ቅረብ። ካልደረሰልህ የተፈተንክበትን ወረቀት አሳይና ሌላ ቀጠሮ ጠይቅ። ወደ ፍርድ ቤቱ ግን እየነዳህ እንዳትሄድ፤ በሩ ላይ የሚያዙ አሉ።